ባክቴሪያው ከበሽታው ቀድሞ ካልደረሰ

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ክሎሮታሎኒልን፣ በ2020 መጨረሻ ደግሞ ማንኮዜብን ከተፈቀዱ የፈንገስ መድኃኒቶች ዝርዝር አስወጣ። ማንኮዜብ ለኢትዮጵያ የድንችና የቲማቲም አምራች እንግዳ ስም አይደለም። ክረምት ሲገባ ምች እርሻውን እንዳይፈጀው ብቻውን ወይም ሜታላክሲል ከተባለ ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ በጀርባ መርጫ የሚረጨው እሱ ነው። የአውሮፓው ውሳኔ በአገር ውስጥ ገበያ በሚሸጥ ድንች ላይ ቀጥተኛ ለውጥ አላመጣም። ምርቱን ወደ አውሮፓ የሚልክ እርሻ ግን የሚፈቀድለት የመድኃኒት ቅሪት እየጠበበ ሲሄድ ምትክ መፈለጉ ግድ ነው። ከምትኮቹ አንዱ በውስጡ በሽታ አምጪን የሚከላከል ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ከረጢት ወይም ጠርሙስ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ከሱቁ መደርደሪያ ነው። ከረጢቱ ከኬሚካሉ ጎን ይቀመጣል፤ መለያውም እንደ ኬሚካሉ «ለአንድ ሊትር ውኃ ይህን ያህል ግራም» ይላል። ስለዚህ ገዢው እንደ ኬሚካል ይይዘዋል። በሽታ ሲያይ ይረጨዋል፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይደባልቀዋል፣ የተረፈውን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለከርሞ ያስቀምጣል። ኬሚካል አይሞትም፣ አይርበውም፣ ማደሪያም አይሻም። ባክቴሪያ ይሞታል፣ ይርበዋል፣ ማደሪያ ይሻል። «ሞክረነው አልሠራም» የሚባለው ቅሬታ ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ መነሻው እዚህ ላይ ይገኛል።

ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የፖም አበባ ነው። በአሜሪካ የፖምና የፒር አትክልት ቦታዎች ፋየር ብላይት የሚባል በሽታ አለ። የሚያመጣው ኢርዊኒያ አሚሎቮራ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን የታመመው ቅርንጫፍ እሳት የለበለበው ይመስላል። በሽታ አምጪው በንብና በዝናብ ፍንጣቂ ወደ አበባው ይመጣና የአበባ ዱቄት በሚያርፍበት ተለጣፊ ጫፍ ላይ ይሰፍራል። እዚያ ጥቂት ስኳርና አሚኖ አሲድ ስለሚያገኝ በሞቃት ቀን ቁጥሩ በፍጥነት ያድጋል። ቀጥሎ ጤዛ ወይም ዝናብ ወደ አበባው ማር ማቆሪያ ያወርደዋል፤ በዚያም ወደ ተክሉ ይገባል። ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ ኤ506 የተባለው ጠቃሚ ባክቴሪያ ሥራው ያንን ጫፍ ቀድሞ መያዝ ብቻ ነው። አበቦቹ ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲከፈቱ አንድ ጊዜ፣ ሙሉ ለሙሉ ሲያብቡ ሌላ ጊዜ ይረጫል። ሁለተኛው ርጭት ያስፈለገው በመጀመሪያው ቀን ያልተከፈተ አበባ ባክቴሪያው ስላልደረሰው ነው። በሽታ አምጪው ሰፍሮ ከተራባ በኋላ ቢረጭ ግን ምግቡም ቦታውም ተይዟል። አትክልተኛው ያኔ የሚመለሰው ስትሬፕቶማይሲን ወደተባለው አንቲባዮቲክ ነው፤ ኤ506 ደግሞ ስትሬፕቶማይሲንን የሚቋቋም ሆኖ ስለተመረጠ ሁለቱን በአንድ ወቅት መጠቀም ይቻላል።

በሥር ላይም ሕጉ ያው ነው፤ እዚህ ግን ቁጥር ይጨመርበታል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስንዴን በዚያው መሬት ላይ በተከታታይ የዘሩ ገበሬዎች ቴክ ኦል የተባለው የሥር አበስብስ በሽታ መጀመሪያ እየከፋ ሄዶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በራሱ ሲቀንስ አይተዋል። ምክንያቱ ሲመረመር በስንዴው ሥር ላይ 2፣4-ዲያሴቲል ፍሎሮግሉሲኖል የሚባል አንቲባዮቲክ የሚያመርቱ የሱዶሞናስ ዝርያዎች በዝተው ተገኙ። በሽታው የሚገታው በአንድ ግራም ሥር ላይ ከ100 ሺህ በላይ ሆነው ሲሰፍሩ ነው፤ ከዚያ ሲያንሱ መከላከሉ ይላላል። አስገራሚው ነገር ሰብል ማፈራረቅ እነዚህን ባክቴሪያዎች ማሳነሱ ነው፤ የሚመግባቸው ሥር ለአንድ ወቅት ይጠፋልና። ይህ ግን ሰብል አታፈራርቁ ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለው አፈር የሚገኘው ለዓመታት ከፍተኛ ኪሳራ ከተከፈለ በኋላ ስለሆነ ማንም አስቦ የሚገባበት መንገድ አይደለም።

ሌሎች የአሠራር ስልቶችም አሉ። አንዳንድ የሱዶሞናስ ዝርያዎች ብረት ለቃሚ ንጥረ ነገር ወደ አፈር እየለቀቁ በሽታ አምጪው ፈንገስ ብረት እንዲያጥረው ያደርጋሉ። ሌሎች ደግሞ ተክሉን ራሱን ያነቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ኔዘርላንድ ውስጥ በካርኔሽን አበባ ላይ በተሠራ ሙከራ ባክቴሪያው በሥሩ፣ የፉሳሪየም ፈንገስ ደግሞ በግንዱ ላይ ተደረጉ፤ ሁለቱ ሳይገናኙ በሽታው ቀነሰ። ተክሉ መልእክቱን ከሥር ወደ ላይ አድርሶ መከላከያውን አዘጋጅቶ ጠብቋል ማለት ነው። መንቃት ግን ቀናት ይፈልጋል፤ የሚገኘው ጥበቃም ከፊል ነው።

ከሁሉም ለረጅም ጊዜ በአስተማማኝ የሠራው የአውስትራሊያው ኬ84 ነው። በአደሌድ ዩኒቨርሲቲ የዌይት የግብርና ምርምር ተቋም ውስጥ አለን ኬርና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት ይህ የአግሮባክቴሪየም ዝርያ በኮክ፣ በአልመንድ ዛፍና በጽጌረዳ ሥር አንገት ላይ ዕጢ የሚያወጣውን ዘመዱን ይገድላል። አሠራሩ የብልጥ ነው። ዕጢው ለበሽታ አምጪው ቀለብ የሚሆን ልዩ ንጥረ ነገር ይሠራል፤ በሽታ አምጪውም ያንን ቀለብ የሚስብበት በር አለው። ኬ84 የሚያመርተው አግሮሲን 84 የቀለቡ አምሳያ ስለሆነ በዚያው በር ገብቶ ይገድለዋል። በሩ የሌላቸው፣ ለምሳሌ ወይን የሚያጠቁት ዝርያዎች ግን አይነኩም። ስለዚህ «ለዕጢ በሽታ» ተብሎ በጅምላ ቢሸጥ ገሚሱ ገዢ ይከስራል።

የኬ84 አጠቃቀም ለሌሎቹም መማሪያ ይሆናል። ችግኙ ተነቅሎ ሥሩ ተከርክሞ ቁስሉ ገና እርጥብ ሳለ ባክቴሪያው የተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ወዲያው ይተከላል። በሽታ አምጪው የሚገባው በቁስል ስለሆነ ቁስሉን ቀድሞ መያዝ ማለት ነው። ቀድሞውኑ ዕጢ ያለበትን ችግኝ መንከር ጥቅም የለውም፤ በዚያ ጊዜ በሽታ አምጪው የራሱን ዘረ መል ቁራጭ ወደ ተክሉ ሕዋስ አስገብቷል፣ ዕጢውም ያለ እሱ ያድጋል። ኋላ አንድ ሥጋት ተፈጠረ፤ ኬ84 መርዙን የሚሠራበትንና ራሱን ከመርዙ የሚጠብቅበትን ዘረ መል ለበሽታ አምጪው ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ማስተላለፊያው ተቆርጦ ኬ1026 የተባለ ዝርያ ተሠራና በ1980ዎቹ መጨረሻ አውስትራሊያ ውስጥ ለሽያጭ ተፈቀደ።

በአንድ ዘር ላይ ስንት ባክቴሪያ?

በአነስተኛ ገበሬዎች ዘንድ በስፋት የተለመደው የሕንዱ የታሚል ናዱ አሠራር ነው። ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ በፈሳሽ ምግብ ይራባና በሚሊ ሊትር 900 ሚሊዮን ሕዋስ ያህል ሲደርስ 400 ሚሊ ሊትሩ ከ1 ኪሎ ግራም የታልክ ዱቄት ጋር ይለወሳል። ታልኩ አስቀድሞ በ105 ዲግሪ ሙቀት ለ12 ሰዓት ከጀርም ይጸዳል። አሲድነቱ እንዲስተካከል 15 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ዘር ላይ እንዲጣበቅ 10 ግራም ካርቦክሲ ሜቲል ሴሉሎስ ይጨመርበታል። አንድ ሌሊት በጥላ ደርቆ ሲታሸግ በግራም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ሕያው ሕዋስ ይኖረዋል። መጠኑም ለ1 ኪሎ ዘር 10 ግራም፤ አፈር ላይ ሲበተን ለሔክታር 2.5 ኪሎ ከ50 ኪሎ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከረጢቱ ተጓጉዞ ሱቅ ሲደርስ በግራም 100 ሚሊዮን ቀርቶታል እንበል። 10 ግራሙ 1 ቢሊዮን ነው። አንድ ኪሎ ስንዴ 25 ሺህ ያህል ፍሬ ስላለው ለእያንዳንዱ ዘር 40 ሺህ ባክቴሪያ ይደርሰዋል። ይህ በጀማሪ ሥር ላይ ተራብቶ 100 ሺህ ሊደርስ የሚችል ቁጥር ነው። ያው ከረጢት ሁለት ወር ፀሐይ በሚያግለው መጋዘን ቆይቶ በግራም ወደ 1 ሚሊዮን ቢወርድስ? ለዘሩ የሚደርሰው 400 ብቻ ነው። ከረጢቱ በዓይን ሲታይ አልተለወጠም፤ ክብደቱም ያው ነው። አፈር ውስጥ በሚጠብቁት ሚሊዮኖች መካከል ግን 400 ማለት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

መቁጠር የሚችል ላቦራቶሪ ያለው ማኅበር ወይም እርሻ በየጭነቱ መቁጠር አለበት። 1 ግራም ዱቄት በ9 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የ0.85 በመቶ የጨው ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ እርከን አሥር እጥፍ እየቀጠነ ስድስተኛው ላይ ይደረሳል። ከእሱ 0.1 ሚሊ ሊትር ኪንግ ቢ የተባለ የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ በያዘ ሳሕን ላይ ይቀባል። ከሁለት ቀን በኋላ በአልትራቫዮሌት (ጥቁር) መብራት ሥር አረንጓዴ ቢጫ የሚያበሩት ክምችቶች ይቆጠራሉ። 45 ቢገኝ ዱቄቱ በግራም 450 ሚሊዮን አለው ማለት ነው። ከ30 ያነሰና ከ300 የበዛ ቁጥር አይታመንም፤ ሌላ እርከን ይታያል።

የሚያበራ ሁሉ ግን ወዳጅ አይደለም። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ሰውን የሚያሳምም ዘመድ በዚሁ ሳሕን ላይ ይበቅላል፣ እንደ ወዳጁም ያበራል። የሚለያቸው ቀላል ፈተና ሙቀት ነው፤ ኤሩጂኖሳ በ42 ዲግሪ ያድጋል፣ ፍሎረሰንስ አያድግም። ከራሱ አፈር የለየውን ባክቴሪያ ያለዚህ ፈተና ማሳ የሚያወጣ ተመራማሪ በእሳት እየተጫወተ ነው። በሞላሰስና በርሜል ባክቴሪያ የማብዛት ልማድም የማይመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። በርሜሉ ሲሸትና ሲያረፋ አንድ ነገር እንደተራባ እርግጥ ነው፤ ምን እንደተራባ ግን ሽታው አይናገርም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ለሥር በሽታ ፈቃድ አግኝተው የነበሩ የበርክሆልዴሪያ ሴፓሺያ ምርቶች የሳንባ ሕሙማንን የሚያጠቁ ዘመዶች ስላሏቸው ከገበያ ወጥተዋል።

ባሲለስ ወይስ ሱዶሞናስ

ባሲለስ የተባለው ሌላው ጠቃሚ ባክቴሪያ ሲከፋው ስፖር ይሠራል፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለው የተኛ ዘር ማለት ነው። በ80 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ለ10 ደቂቃ ቢቆይ አይሞትም፤ ስፖሮቹን ለመቁጠር የሚያገለግለውም ይኸው ነው፣ ስፖር ያልሆነው ሁሉ ይሞትና የቀረው ይቆጠራል። ስለዚህ የባሲለስ ምርት ሱቅ ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ሱዶሞናስ ግን ቅርፊት ስለሌለው በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። የዓለም ገበያን ባሲለስ የያዘው በአብዛኛው በዚህ ነው። በሴሬናድ ስም የሚሸጠው የባሲለስ ዝርያ ኪውኤስቲ 713 ከካሊፎርኒያ የኮክ እርሻ አፈር የተገኘ ሲሆን የሚያመርታቸው ሰርፋክቲን፣ ኢቱሪንና ፌንጂሲን እንደ ሳሙና የፈንገሱን ሽፋን ይበሳሉ።

ለደጋው ድንች ግን ባሲለስ የመደርደሪያ ብልጫውን ማሳ ላይ ያጣል። ስፖሩ መጀመሪያ መንቃት አለበት፤ በቀዝቃዛ አፈር መንቃቱም ማደጉም ይጓተታል። ሱዶሞናስ በ5 ዲግሪ እንኳ ያድጋል። ማቀዝቀዣና አጭር የማጓጓዣ መንገድ ላለው የደጋ አምራች ሱዶሞናስ የተሻለ ነው የሚል ግምት አለን፤ እነዚህ ሁለቱ ለሌሉት ባሲለስ ይቅርበት አንልም። ምችን በተመለከተ ግን ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። ዝናብና ጭጋግ ሲደራረብ የምች አምጪው አንድ ትውልድ በቀናት ውስጥ ይጠናቀቃል፤ በቅጠል ላይ ያለ ባክቴሪያ ደግሞ በፀሐይና በዝናብ ይመናመናል። የሚያዋጣው ባክቴሪያውን ገና ምልክት ሳይታይ መጀመር፣ በየ7 ቀኑ መደጋገም፣ የዝናቡ ግፊት ሲበረታ ደግሞ ኬሚካሉን ማስገባት ነው። የሚገኘው ትርፍ የኬሚካል ርጭቱ ቁጥር መቀነሱ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ስህተት የሚበዛው በእነዚህ ቦታዎች ነው። ዘር የሚታሸው በጥላ ሥር፣ ጥቂት ስኳር በገባበት ውኃ ረጠብ ተደርጎ ነው፤ በዚያው ቀን ይዘራል። ባቄላን፣ ሽንብራን ወይም አኩሪ አተርን በሕያው ማዳበሪያ አሽቶ የዘራ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ለመያዝ ሳይሆን በሽታ ለመከላከል መምጣቱ ብቻ ነው። ቲራም በተባለ የፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘር ላይ ሱዶሞናስ መቀባት ብዙ ጊዜ ድካም ነው፤ ቢያንስ አብረው መኖራቸውን በላቦራቶሪ ማየት ይገባል። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ሲተከል ሥሩ በ1 ሊትር ውኃ ከ5 እስከ 10 ግራም በተበጠበጠበት ለ30 ደቂቃ ይነከራል። በችግኝ መደብ ላይም በዚሁ መጠን የተበጠበጠው ዘር በተዘራ ሰሞን ይርከፈከፋል፤ ችግኞች ከሥራቸው እየበሰበሱ መውደቅ ከጀመሩ ግን አልፏል።

ውኃው የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ስለሚገድል በክፍት በርሜል አንድ ሌሊት ማሳደር ይበጃል። ኮፐር ያለበት መድኃኒት የተረጨበት መርጫ በሳሙና ታጥቦ ደጋግሞ ካልተለቀለቀ ቅሪቱ ብቻውን ይበቃል። ባሲለስ በስፖርነቱ ብዙ የፈንገስ መድኃኒቶችን ይታገሣል፤ ሱዶሞናስ ከኮፐር ጋር በአንድ መርጫ ፈጽሞ አይገባም። የተበጠበጠው በሰዓታት ውስጥ ይለቅ፤ ለነገ አይደር። ርጭቱም አመሻሽ ላይ ይሁን፤ የቀትር ፀሐይ ቅጠል ላይ ያለውን ሕዋስ በፍጥነት ይፈጃል። አፈሩ ደርቆ ከተሰነጠቀ ባክቴሪያው ወደ ሥሩ የሚሄድበት ውኃ የለም፤ ስለዚህ ውኃ ከማጠጣት ወይም ከዝናብ ጋር ማጣመድ ነው። በጣም ኮምጣጣ አፈር ላይ ደግሞ ኖራው ቀድሞ መምጣት አለበት።

ባክቴሪያ ጨርሶ የማያድነውን መለየትም የዕውቀቱ አካል ነው። የድንችና የቲማቲም አጠውልግ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ገደማ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ዝንጅብልን ያወደመው አጠውልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተመዘገበው የእንሰት አጠውልግ፣ ሁሉም በተክሉ የውኃ ቱቦ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚያመጧቸው ናቸው። ከውጭ የተረጨ ወይም ሥር ላይ የሰፈረ ባክቴሪያ ቱቦው ውስጥ ለገባው አይደርስበትም። ድንቹ ወይም ዝንጅብሉ በሚተከለው ዘሩ ውስጥ በሽታውን ይዞ ከመጣ ጠላት ከቤት ውስጥ ነው። የጠወለገን ድንች ወይም ቲማቲም ለመለየት ከግንዱ ሥር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆርጦ በጠራ ውኃ ብርጭቆ ማንጠልጠል ይበቃል። በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው፤ ካልወረደ ፈንገስ ወይም የውኃ ጥም ሊሆን ይችላል። ለእንሰት ከየትኛውም ከረጢት በፊት የሚሠራው የታመመውን ነቅሎ መቅበርና የመቁረጫውን ቢላ በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት ነው። ሻጩ ለአጠውልግ «ያድናል» ካለ አትግዙት። ለጤናማ ችግኝ «ይቀንሳል» ካለ ግን ሊሞከር ይችላል።

ሙከራው ራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። በሳሕን ላይ ፈንገሱን አርቆ ያቆመ ባክቴሪያ ማሳ ላይ መሥራቱ ዋስትና የለውም፤ ሳሕኑ ስኳር የሞላበት ነው፣ ሥሩ ግን አይደለም፤ አንቲባዮቲኩን ያመረተው በጥጋብ ሊሆን ይችላል። ከሳሕን ፎቶ ሌላ ማስረጃ የሌለው ምርት ለጊዜው ይቆይ። መለያው የዝርያውን ስም ብቻ ሳይሆን የዝርያ ቁጥሩን፣ በግራም ያለውን የሕያው ሕዋስ መጠን፣ የማብቂያ ቀኑንና የማስቀመጫ ሙቀቱን መናገር አለበት፤ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ አይሸጥም።

በማሳ ላይ አራት ቦታ ተደጋግመው በዕጣ የሚቀመጡ ሦስት ዓይነት ንጣፎች (ትናንሽ የማሳ ክፍሎች) ይዘጋጃሉ፤ ምንም ያልተደረገለት፣ ሕያው ምርት የተደረገለት፣ ያው ምርት ተገድሎ የተደረገለት። ሦስተኛው ብዙዎች የሚዘሉት ነው። ታልኩ፣ ኖራው ወይም ባክቴሪያው ያደገበት ምግብ ተክሉን አጎልብቶ እንደሆነ የሚለየው ግን እሱ ነው። ሱዶሞናስን ለመግደል ማፍላት ይበቃል፤ የባሲለስ ስፖር ግን ግፊት ባለው ድስት ካልሆነ አይሞትም። በመካከለኞቹ መስመሮች ላይ ምልክት የተደረገባቸው 20 ተክሎች በየሳምንቱ ይታያሉ። ከተዘራ ከሁለትና ከአራት ሳምንት በኋላ ደግሞ ከሕያው ንጣፍ ጥቂት ሥር ተወስዶ አፈሩ ይራገፍና ባክቴሪያው ይቆጠራል። በግራም ሥር ከ100 ሺህ በታች ከተገኘ በሽታው አለመቀነሱ ስለ ባክቴሪያው ምንም አይናገርም፤ መመርመር ያለበት መጋዘኑ፣ ውኃውና መርጫው ነው።